«800 ሰው ጠቀሰው» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ሰዎች ክትባት ላይ ለምን እንደሚያመነቱ ያጠናል። ለፋሲካ አብሬው መንዝ ቤተሰቡ ጋ ሄድኩ። አንዱ ዘመድ «ልጃችንን እኮ በዓለም 800 ሰው ጠቅሶታል» እያለ ሲኩራራ (ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው ጥናቱን ምንጭ አድርገው አንስተውታል ማለቱ ነው)፣ አክስቱ ከምድጃው ጎን ቀና ብለው «ማን ናት የጠቀሰችው? ሚስት እንዳለው አታውቅም?» አሉ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ለእኔ ግን የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ እሱ ነበር። ማን ጠቀሰው? ለምንስ ጠቀሰው?

«ብዙ የተጠቀሰ ጥናት ትክክል ነው።»

አይደለም። በዚሁ በክትባት ጉዳይ ከዌክፊልድ የበለጠ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር «ላንሴት» በተባለ የሕክምና ጆርናል ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ፍንጭ ነበረበት። የታዩት ልጆች 12 ብቻ ናቸው! በ2004 ከ12ቱ ተባባሪ ጸሐፊዎች 10ሩ ከዚያ ትርጓሜ እጃችንን አውጥተናል አሉ። በ2010 ጆርናሉ ጽሑፉን ሰረዘው፤ ዌክፊልድም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አብዛኛው የሚጠቅሰው ሊነቅፈው ወይም የስህተት ምሳሌ ሊያደርገው ነው። ቆጣሪው ይህን አይለይም። ያመሰገነውም፣ ጣት የቀሰረበትም እኩል አንድ ነው።

«ኤች-ኢንዴክሱ የበለጠ እሱ ይበልጣል።»

ይህን የተመራማሪ መለኪያ ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰባት ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሰባት ጊዜ ከተጠቀሱ፣ ኢንዴክስህ 7 ነው። አሁን ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዷ ሦስት ጽሑፍ አላት፤ 900፣ 40 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ኢንዴክሷ 2 ነው። ሌላው ሰባት ጽሑፎቹ ሰባት ሰባት ጊዜ ተጠቅሰውለታል። በድምሩ 49 ቢሆንም በኢንዴክስ ጥሏት ሄደ። ደግሞ ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ያድጋል እንጂ አይወርድም። ጀማሪን ከአንጋፋ ጋር በዚህ ማወዳደር ጥጃን ከበሬ ጋር መጥመድ ነው።

«ቁጥሩ እዚህና እዚያ ከተለያየ አንዱ ውሸት ነው።»

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ጥናት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥሩ የተለያዩ ቋቶች አሉ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ ገና ያልተገመገመውንም ይቆጥራል። ሌላው ቋት፣ ስኮፐስ፣ መርጦ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ የጉግሉ ከፍ ይላል። ፕሮሞሽን የሚጠይቅ ሰው የትኛውን እንደሚያሳይ መገመት አያቅትም።

«የኮቪድ ክትባት ጥናቶች ብዙ የተጠቀሱት ምርጥ ስለሆኑ ነው።»

አንዳንዶቹ ምርጥ ናቸው። ግን ያኔ ዓለም ሁሉ ስለ አንድ ነገር ይጽፍ ነበር። ሁሉም ሲጽፍ ሁሉም ይጠቅሳል። ስለ ኩፍኝ ክትባት በአንድ ወረዳ ለዓመታት የለፋ ሰው ይህን ገበያ አላገኘም። ሌላም አለ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ የተባለ የኮቪድ ክትባት የተቀበለችው በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ አገር «ትከተባለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የመለሰው ስላላየው ነገር ነው። ሐሳብ ሌላ፣ ክንድን መስጠት ሌላ።

«ልጇን ያላስከተበች እናት ሁሉ አመንትታ ነው።»

ይህኛው ያናድደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ማመንታትን ሲፈታ፣ አገልግሎቱ እያለ መዘግየት ወይም እምቢ ማለት ነው አለ። «እያለ» የምትለዋን ያዙልኝ። ሦስት ምክንያቶችንም ጠቅሷል፦ አለማመን፣ «በሽታው ምን ያመጣል» ብሎ መዘናጋት፣ እና አለመመቸት። ከመንዝ ደጋ እስከ ይፋት ቆላ ያለውን ገደል የሚያውቅ ሰው ሦስተኛው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ሕፃን አዝላ ሰዓታት የተጓዘች እናት ክትባቱ አልቋል ተብላ ከተመለሰች፣ ያ ማመንታት አይባልም። መጠይቁ ላይ ግን «አላስከተበችም» ከሚለው ሳጥን ትገባለች። ጥናቱ ይታተማል፣ ይጠቀሳል፣ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል።

«ያልተጠቀሰ አልጠቀመም።»

ጓደኛዬ አራት ጊዜ ብቻ የተጠቀሰ ጽሑፍ አለው። የክትባት ቀን ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም እናቶች ይመጡ እንደሆነ የጠየቀበት ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ሰምታ ፕሮግራሟን ብትቀይር፣ እሷ ጆርናል ላይ አትጽፍም። ስለዚህ አትቆጠርም። እኔ ለአክስቱ ይህን ላስረዳ ስሞክር «ታዲያ እሷ ብትጠቅሰው አይሻልም?» አሉኝ። ቤቱ እንደገና ሳቀ።