ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ሰበር፦ በአዲስ አበባ የይግባኝ አካሄድ

ይግባኝ በሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ተከራካሪ ጉዳዩን ከፍ ላለ ፍርድ ቤት የሚያሳይበት መንገድ ነው። ቃሉ «ገባ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ጥንት አቤቱታው ከዳኛ ወደ ሹም፣ ከሹም ወደ አፈ ንጉሥ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ይገባ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 20(6) የተከሰሰ ሰው ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ደንግጓል።

አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። በከተማዋ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ የፍርድ ቤት ዘርፎች አሉ። የፌዴራሉ ዘርፍ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለው። የከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤቶች ሁለት ደረጃ ናቸው፤ የመጀመሪያ ደረጃና ይግባኝ ሰሚ። የወራሽነት ማስረጃ፣ የቀበሌ ቤት፣ የደንብ መተላለፍ የመሳሰሉት ወደ እነዚህ ይሄዳሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተዋቀረ የራሳቸው ሦስት ደረጃ አላቸው። በተሳሳተ በር የገባ መዝገብ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይዘጋል፤ ባለጉዳዩ ይህን የሚሰማው ወራት ከከሰረ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በፌዴራሉ ዘርፍ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይጀምራል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 25/1988 ጣሪያው 500,000 ብር ነበር። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው የገንዘብ ሙግት ከታች ይጀምርና በልደታ ለሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ይደርሰዋል። ለምሳሌ የ800,000 ብር የኪራይ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተወስኖ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካጸናው መደበኛው ይግባኝ እዚያ ያበቃል። ከለወጠው ግን የተረታው ወገን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ክርክሩ ከመነሻው በከፍተኛ ፍርድ ቤት የታየ ከሆነ ይግባኙ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ጉዳዮች በብዛት የሚሞቱት በቀን ገደብ ማለፍ ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው የውሳኔው ግልባጭ እጅ ከገባበት ሳይሆን ውሳኔው ከተነበበበት ዕለት ነው። ስለዚህ ውሳኔው በተነበበ ዕለት ግልባጭ መጠየቅና ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ለመቀበሉ ማስረጃ ይዞ ማስቀመጥ ይበጃል። ጊዜው ካለፈ ሬጅስትራሩ (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ማመልከቻውን አይቀበልም፤ ባለጉዳዩ በ10 ቀን ውስጥ የማስፈቀጃ አቤቱታ አቅርቦ በቂ ምክንያት ማስረዳት ይኖርበታል። «ጠበቃዬ ዘነጋው» የሚለው እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም፤ ይህ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ከባድ ሕግ ነው። በወንጀል ጉዳይ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የመጠየቅ ፍላጎትን በ15 ቀን፣ ማመልከቻውን ደግሞ ግልባጩ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብን ያዝዛል። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ላይ ሆነው ተረኛ ችሎት አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ስለሚያይ፣ ዕረፍቱ ቀን ያቆምልኛል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው።

ማመልከቻው የሥር ፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የውሳኔውን ቀን፣ የይግባኝ ባይንና የመልስ ሰጭን ስምና አድራሻ፣ ቅሬታዎቹን በየተራ፣ መጨረሻም የሚጠየቀውን ዳኝነት ይይዛል። የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ ይያያዛል፤ የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል። መክፈል የማይችል በደሃ ደንብ እንዲታይለት ይጠይቃል።

የቅሬታው አጻጻፍ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃውን በአግባቡ ሳይመዝን ወስኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ለዳኛው ምንም አይነግረውም። «ተከራዩ የሦስት ወር ኪራይ ለመክፈሉ ደረሰኝ አቅርቧል፤ ሁለተኛው ምስክርም ክፍያውን አይቻለሁ ብሏል፤ ውሳኔው ግን ሁለቱንም ሳያነሳ አልፏል» ሲባል ዳኛው መዝገቡን ገልጦ ያያል። በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ አዲስ ፍሬ ነገር በይግባኝ አይነሳም፤ አዲስ ማስረጃም በልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይሰማም። ቤት ውስጥ ቀርቶ የነበረ ውልን ከይግባኝ ጋር አያይዞ ማቅረብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ችሎቱ ማመልከቻውን አይቶ ቅሬታው ካላሳመነው መልስ ሰጭን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። ካሳመነው «ያስቀርባል» ብሎ መጥሪያ ይልካል። መልስ ሰጭም በበኩሉ ቅር የተሰኘበት ነጥብ ካለ መስቀለኛ ይግባኝ ሊያቀርብ ይችላል። ከዚያ ውሳኔው ሊጸና፣ ሊሻሻል ወይም ሊሻር፣ አንዳንዴም የሚጣራው ጭብጥ ተለይቶ ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቤት ንብረቱን የሚያጣበት ነጥብ አለ። ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸምን አያግድም። እግድ የፈለገ በተለየ አቤቱታ፣ በቃለ መሐላ አስደግፎ መጠየቅ አለበት፤ ፍርድ ቤቱም ዋስትና ሊያስይዘው ይችላል። ይግባኙ በቀጠሮ ላይ እያለ ንብረቱ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ የሚገኝ ድል መልሶ ለማስፈጸም ሌላ ድካም ይጠይቃል።

ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም፤ ይህን መለየት ብዙ ብርና ጊዜ ያተርፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80(3)(ሀ) ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ማረም ነው። ምስክር ታመነ አልታመነም የሚል ክርክር እዚያ ቦታ የለውም። አቤቱታው በ90 ቀን ውስጥ ቀርቦ በሦስት ዳኞች የሚሰየም አጣሪ ችሎት ያየዋል፤ ካለፈ አምስት ዳኞች በሚሰየሙበት ሰበር ችሎት ይሰማል። የክልል ጉዳዮች በየክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ይታያሉ፤ ከዚያ ወደ ፌዴራል ሰበር የሚያልፉት አገራዊ ፋይዳ ያለው የሕግ ስሕተት ሲገኝባቸው ነው።

የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ እየተጠረዙ ይታተማሉ፤ በማመልከቻ ላይ ሲጠቀሱ የመዝገብ ቁጥርና ቅጹ አብረው ይጻፋሉ። ከሰባት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የቀድሞውን ትርጉም ሊለውጥ ስለሚችል፣ የተጠቀሰው ትርጉም ከዚያ ወዲህ አለመለወጡን ማጣራት የግድ ነው።