ስለ ኢስታንቡል የተነገረኝ እና ኖሬ ያየሁት

ኢስታንቡል ከመሄዴ በፊት ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም። አንዱ ዕቃ ሊያመጣ ለሦስት ቀን ሄዶ ነበር። ሌላዋ ትራንዚት ላይ አንድ ሌሊት አድራለች። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ሄዶ አያውቅም፤ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ነው የሚያየው። ከሁሉም የበለጠ እርግጠኛው እሱ ነበር። እኔም የሰማሁትን ሁሉ ከልብሴ ጋር ጠቅልዬ ሄድኩ። ለትምህርት ስምንት ወር ቆየሁ። ከተነገረኝ ውስጥ ብዙው ስህተት ነበር። የቀረው ደግሞ ለሦስት ቀን እንግዳ ብቻ የሚሠራ ሆኖ አገኘሁት። እስቲ አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«ዋና ከተማው ኢስታንቡል ነው»

አይደለም፤ አንካራ ነው። ከ1923 ጀምሮ። ኢስታንቡል ግን ከዚያ በፊት ከ1,500 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ስለነበረች ነገሩ ከሰው ጭንቅላት አልወጣም። ልዩነቱ የሚገባህ የኤምባሲ ጉዳይ ሲኖርህ ነው። ኤምባሲዎቹ አንካራ ናቸው። ኢስታንቡል ያሉት ቆንስላዎች ናቸው። አንዲት ወረቀት ለማስጨረስ ሌሊቱን በአውቶቡስ ስጓዝ አድሬ ነው ይህን በደንብ ያወቅኩት።

«ሁለት አህጉር ላይ ናት፤ መሻገር ጣጣ አለው»

እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ወደ እስያ ስትሻገር ፓስፖርት ይጠይቁሃል?» ብላኛለች። ሳቅኩ እንጂ እኔም ከመሄዴ በፊት አንድ ዓይነት ፍተሻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ማንም ምንም አይጠይቅም። የትራንስፖርት ካርድህን ማሽኑ ላይ ታስነካለህ፣ መርከቡ ላይ ትወጣለህ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ትጓዛለህ፣ ሌላ አህጉር ላይ ትወርዳለህ። ቤቴ እስያ፣ ትምህርቴ አውሮፓ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ፎቶ ሳነሳ ከረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ሌላው ሰው ሁሉ መስኮቱን ተደግፌ ማንቀላፋት ጀመርኩ።

በመሀል ያለው ውሃ ደግሞ ወንዝ አይደለም። ቦስፎረስ ይባላል፤ ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር ጋር የሚያገናኝ የባሕር ሰርጥ ነው። ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም የሚጠብበት ቦታ ላይ ስፋቱ ወደ 700 ሜትር ይወርዳል። ወንዝ የሚያስመስለው ፍሰቱ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ የበለጠ ጨዋማና ከባድ የሆነው ውሃ በተቃራኒው ይሄዳል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ውሃውን ባየሁት ቁጥር ከታች ወደ ኋላ የሚሄደውን አስብ ነበር።

ጣጣ ካለ ከነፋሱ ነው። ሎዶስ የሚሉት ከደቡብ የሚመጣ ነፋስ አላቸው። እሱ ሲበረታ መርከቦቹ ይቆማሉ። ጥር ላይ አንድ ማታ ወደቡ ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ሰዉ ተኮልኩሏል። አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወደ ማርማራይ ጠቆሙኝ። ማርማራይ ከባሕሩ ሥር የሚያልፍ ባቡር ነው፤ በ2013 ነው ሥራ የጀመረው። ቶሎ ያላለቀበት አንዱ ምክንያት ደስ ይላል። ለጣቢያው ሲቆፍሩ ከኦቶማን ቱርኮች በፊት የነበረው የቢዛንታይን ዘመን ወደብ ተገኘ፤ የ37 መርከቦች ስብርባሪም አብሮ ወጣ። እንግዲህ እኔ መርከብ ስላጣሁ በባቡር ያለፍኩት መርከቦች ከተቀበሩበት አጠገብ ነው።

«የእስያው ወገን ምንም የለውም»

ይህን የነገረኝ ዕቃ ሊያመጣ የሄደው ወዳጄ ነው። አልፈርድበትም። እሱ የሚያውቀው ላሌሊን ነው፤ ጅምላ ሻጮቹ ያሉበትን የአውሮፓውን ሰፈር። ከሆቴሉ ሱቅ፣ ከሱቁ ካርጎ፣ ከካርጎው ኤርፖርት። ሌላውን መቼ ይየው?

እኔ የኖርኩት ካዲኮይ ነው። ስሙ «የቃዲ መንደር» ማለት ነው፤ ቃዲ ያው እኛም የምናውቀው ቃዲ ነው። መጻሕፍት ቤት፣ የዓሣ ገበያ፣ ሻይ ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ወጣት የሞላበት ሰፈር ነው። ከነዋሪው አብዛኛው በአውሮፓው በኩል ይኖራል፤ ይህ እውነት ነው። የእስያው ወገን ግን ኋላ ቀር ነው የሚለው ተረት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ የክፍሌ ልጅ ሻይ እየጠጣን «የዚህ ሰፈር የድሮ ስም ካልኬዶን ነው» አለኝ። መጀመሪያ አልሰማሁትም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ኬልቄዶን! በሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ የሰማሁት ስም። በ451 የተደረገው፣ ቤተክርስቲያናችን የማትቀበለው ጉባኤ። የግብፅን፣ የአርመንን፣ የሶርያንና የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ከሮምና ከቁስጥንጥንያ የለየው ነገር የተጀመረው እዚህ ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ዓሣ ስገዛ ከርሜያለሁ።

ጉባኤው የተደረገበት የቅድስት ኤውፌምያ ቤተክርስቲያን ዛሬ የለም። በስሟ የሚጠራ፣ ብዙ ዘመን ቆይቶ የተሠራ ትንሽ የግሪክ ቤተክርስቲያን ግን ገበያው መሀል አለ። በየሳምንቱ በበሩ አልፍ ነበር። አንድም ቀን ስሙን አላነበብኩም።

ከዚያ በኋላ ካርታ ይዤ ቁጭ አልኩ። ቤተክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ሦስቱ ጉባኤያትም እዚያው አገር ናቸው። ኒቅያ፣ በ325፣ 318ቱ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት፣ የዛሬው ኢዝኒክ ነው፤ ማርማራን ተሻግረህ የምታገኘው ከተማ። የ381ዱ የተደረገው ቁስጥንጥንያ፣ ማለትም እዚሁ ኢስታንቡል ነው። የ431ዱ ኤፌሶን ደግሞ ወደ ኢዝሚር በኩል ነው። «እዚያ አገር ለክርስቲያን የሚታይ ነገር የለም» ያለችኝን ሴትዮ ያኔ አስታወስኳት። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዛሬም ፌነር በሚባል ሰፈር መንበራቸው አለ። የአርመኑ ፓትርያርክ መንበር ደግሞ ኩምካፒ የሚባል ሰፈር ነው። የአርመን ቤተክርስቲያን እህት ቤተክርስቲያን ስለሆነች እኔም በዓል ሲደርስ እዚያ አስቀድስ ነበር። ቋንቋው አንድም አይገባኝም። የዕጣኑ ሽታ ግን የማውቀው ነው።

«አያ ሶፊያን ሱልጣኖቹ ናቸው የሠሯት»

የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ነው ቤተክርስቲያን አድርጎ ያሠራት። በ537 ተመረቀች። ኦቶማን ቱርኮች ከተማዋን ከያዙበት ከ1453 በኋላ መስጊድ ሆነች፣ በ1935 ሙዚየም ሆና ተከፈተች፣ በ2020 ደግሞ መስጊድ ሆነች። ሱልጣኑ ያሠሩት ፊት ለፊቷ ያለው ባለ ስድስት ሚናሬቱ ሰማያዊ መስጊድ ነው። በፎቶ የሚያምታታቸው ብዙ ነው። እኔም አንዱን ነው ብዬ ሌላውን ለእናቴ ልኬላታለሁ።

«ሳትከራከር እንዳትገዛ»

ይህ ምክር ሊያዋርደኝ ነበር። ሰፈሬ ያለ ትንሽ ሱቅ ገብቼ፣ ዋጋው የተለጠፈበትን አይብ «መጨረሻውን ንገረኝ» አልኩት፤ በእጅ ምልክትና በስልክ ትርጉም። ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ቁጥሩ በደንብ ያልታየኝ መስሎት ከፍ አድርጎ አነበበልኝ።

ክርክር ያለው ካፓሊቻርሺ በሚባለው የተከደነው ገበያና ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ ነው። ካፓሊቻርሺ ከ60 በላይ መንገድና 4,000 ገደማ ሱቅ አለው። እሁድ ዝግ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ሄዶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ላሌሊም ድርድር አለ፤ ግን የሚነገረው በሴሪ ነው። ሴሪ ማለት የአንድ ሞዴል ልብስ ከነሙሉ ሳይዙ የታሰረ ማለት ነው። አንድ ሸሚዝ ልግዛ ብለህ ከገባህ ብዙዎቹ ፊት አይሰጡህም። በሰፈር ሱቅና በሱፐርማርኬት ግን የተጻፈው ዋጋ ያው ዋጋው ነው።

«ቱርክ ማለት ቡና ነው»

ቡናቸው ስም አለው፤ ዩኔስኮም በ2013 መዝግቦታል። ቀኑን ሙሉ የሚጠጡት ግን ሻይ ነው። በነፍስ ወከፍ ሻይ በመጠጣት ዓለምን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ቡና የሚያገኙባት የመን ከእጃቸው ከወጣች በኋላ ቡና ውድ ሆነ። ሻይን ደግሞ ሪዜ በሚባለው የጥቁር ባሕር ዳርቻ ራሳቸው ማብቀል ጀመሩ።

ሻዩ ወገበ ቀጭን በሆነች ትንሽ ብርጭቆ ነው የሚመጣው። ወተት የለውም። ሱቅ ትገባለህ፣ ሻይ። ፀጉር ቤት፣ ሻይ። አንድ መሥሪያ ቤት ፋይሌን አጥፍተውብኝ ሁለት ሰዓት ሲፈልጉ ሦስት ብርጭቆ አጠጥተውኛል። ፋይሉ ያን ቀን አልተገኘም፤ ተቆጥቼ ግን መውጣት አልቻልኩም። ሻያቸውን ጠጥተህ እንዴት ትቆጣለህ?

ቡናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ስታዝ ነው የምትናገረው። ሳዴ ካልክ ያለ ስኳር ነው፤ ኦርታ ካልክ መካከለኛ። ደግሞም አይጠለልም። እኔ የቡና አገር ሰው ነኝ ብዬ የመጀመሪያውን ስኒ እስከ መጨረሻው ጨለጥኩት። ዝቃጩ ጥርሴ ውስጥ ቀረ። አስተናጋጁ በይሉኝታ ውሃ አመጣልኝ እንጂ አልሳቀም።

«ቋንቋቸው ዐረብኛ ነው፤ ወይም ያው ነው»

ዐረብኛም አይደለም፣ የዐረብኛ ዘመድም አይደለም። ለዐረብኛ የሚቀርበው የእኛ አማርኛ ነው። እነሱ በዐረብ ፊደል ይጽፉ የነበረውን ትተው በ1928 ወደ ላቲን ፊደል ዞሩ። ከዐረብኛ የገቡ ቃላት ግን ሞልተዋል፤ ለዚህ ነው ጆሮ የሚያምታታው።

እንግሊዝኛ እየቀላቀልኩ እኖራለሁ ብዬ ነበር፤ ከቱሪስት ሰፈር ስወጣ አልሠራም። ግን አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይጠቅማል። የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ግስ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አውሮፓውያን የክፍሌ ልጆች በዚህ ሲያላቡ እኔ ዘና ብዬ እቀመጥ ነበር። «ኤቭሌሪሚዝዴን» አንድ ቃል ነው፤ «ከቤቶቻችን» ማለት። እኛም በአንድ ቃል ነው የምንለው። ወንድና ሴት የሚለይ ተውላጠ ስም ደግሞ የላቸውም። እሱም «ኦ»፣ እሷም «ኦ»። ወሬ ሲያወሩ ስለ ማን እንደሆነ ለማወቅ መጨረሻውን መጠበቅ ነው።

ቃላቱስ? ቻንታ ቦርሳ ነው፤ ሻንጣችንን አስታወሰኝ። ታባንጃ ሽጉጥ ነው፤ ጠበንጃን አስታወሰኝ። ስኒውን ፊንጃን ይሉታል፣ እኛ ፍንጃል የምንለውን። ምግብ ቤት «ሔሳፕ» ካልክ ሒሳብ ይመጣልሃል። ሥራ ላይ ላለ ሰው «ኮላይ ጌልሲን» ይባላል፤ ይቅለልልህ እንደ ማለት። ምግብ የሠራችልህን ሴት «ኤሊኔ ሳልክ» ትላታለህ። ጤና ለእጅሽ ማለት ነው። እኛ «እጅሽ ይባረክ» ካልነው ምን ይለየዋል? ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት እዚያም ያስነውራል። ወንዱን አቢ፣ ሴቷን አብላ፤ በቃ ጋሼና እትዬ ናቸው። ሱቁ ያለውን ሰውዬ አቢ ማለት ከጀመርኩ በኋላ ነው የአይቡ ነገር የተረሳልኝ።

«ሁልጊዜ ፀሐይ ነው»

ድራማው የሚቀረጸው ፀሐይ ሲወጣ ሳይሆን አይቀርም። በብርዱ ወራት ይዘንባል፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። ጃኬት ያዙ።

«ስምንት ወር ከኖርክ ከተማዋን ታውቃታለህ»

ይህን የሚሉኝ አሁን፣ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ኢስታንቡል 39 ወረዳዎች አሏት። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። እኔ እግሬ የረገጣቸውን ብቆጥር ዘጠኝ አይሞሉም። ሺሌ የሚባለውን የጥቁር ባሕር ዳርቻ የማውቀው አውቶቡሱ ላይ ከተጻፈው ስም ነው። ሊሄድ ያሰበ አንድ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። የመርከቡን፣ የሻዩንና የእሁዱን ነገር ነገርኩት። ቀጥሎ ስለ ሺሌ ጠየቀኝ። አፌ ላይ «እዚያ ምንም የለም» የሚል መልስ መጥቶ ነበር፤ ያዝኩት።