«እሳት ካየው ምን ለየው?»

መስከረም ላይ፣ ወሎ ውስጥ የእሸት በቆሎ ሽታ ባለበት ይህ አባባል አይጠፋም። በቆሎው ፍሙ ላይ በወጉ ሳይዞር ካንዳችን እጅ ይገባል። እናቴ «ኧረ ጥሬ ነው!» ስትል አጎቴ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «አብሽሪ፣ እሳት ካየው ምን ለየው!» ይላሉ።

ፍቺው አጭር ነው፤ እሳት አንዴ የነካው ነገር ከበሰለው አይለይም፣ ብሉት። የተወለደውም ከምድጃ ዳር እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። እኛ ቤት ለብለብ ለተደረገ ሥጋም፣ ሥራውን ነካክቶ «ጨርሻለሁ» ለሚል ሰውም ይነገር ነበር፤ ለሁለተኛው ግን በሽሙጥ።

እውነት ነው ወይ? ቡና የምትቆላ ሴት እንዲህ ብትል አቦሏን የሚጠጣላት የለም። ከቡናም ይልቅ አባባሉን የሚያስቸግረው ድኝ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ በሰዶምና በገሞራ ላይ ከእሳት ጋር ዘነበ የሚለው «ዲን»። (እኛ አገር «ዲን» ሲባል ግማሹ ጎረቤት የሚሰማው ሃይማኖት ነው፤ ስለዚህ ድኝ እንበለው።)

ድኝ እንዲሁ ሲያዩት ቢጫና ተሰባሪ ድንጋይ ነው። ውስጡ ግን ስምንት ስምንት አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። የሚቀልጠው 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ድስት ውስጥ ቢቀቅሉት ድንጋይ እንደሆነ ይወጣል። ሲቀልጥ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ እንደ ዘይት ይፈሳል።

እሳቱ ሲጨመርበት ነው ጉዱ። ቅቤም ማርም ሙቀት ሲበዛባቸው ይቀጥናሉ፤ ድኝ ግን 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ገንፎ መወፈር ይጀምራል። ቀለበቶቹ ተበጥሰው፣ ጫፍና ጫፋቸው እየተቀጣጠለ ረጃጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ ይተበተባሉ። ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ይዞራል፤ 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ዕቃውን ቢዘቀዝቁት እንኳ ለመውረድ ይለግማል። ከዚያ በላይ ሰንሰለቶቹ ይቆራረጡና መልሶ ይቀጥናል፤ 445 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህ ሁሉ አየር ካላገኘው ነው፤ ካገኘው በሰማያዊ ነበልባል ይነድና ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ ይለቃል።

ትነቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ፈሳሽ መሆኑን ዘሎ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል። ከወሎ ወደ አፋር ወርዶ፣ ወደ ሰሜን ርቆ ዳሎል የደረሰ ሰው በጋዝ መውጫዎቹ አፍ ላይ የተጋገረ ድኝ ያያል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካዋ ኢጄን በተባለው እሳተ ገሞራ ደግሞ ሠራተኞች ትነቱን በቱቦ ይመሩታል፤ ከቱቦው ጫፍ ቀይ ሆኖ ይንጠባጠብና ሲበርድ ቢጫ ይሆናል።

ለመፍላት የተቃረበውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢያፈሱት ደግሞ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር ይሆናል። ጥቂት ቀናት ይተዉት፤ ቀለበቶቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው ይገጥማሉ፣ ያው ቢጫ፣ ያው ተሰባሪ። ያኔ 115 ዲግሪ ያየውን 445 ዲግሪ ካየው በዓይን የሚለየው የለም። እዚህች ላይ አጎቴ ይረቱኛል።