«ነጥቡ ጋ ቁረጠው» አይበቃም፦ ስለ ድርብ ኤክስቴንሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ቀኑን ሙሉ በፍላሽና በቴሌግራም ፋይል ሲቀበሉ ይውላሉ። ኮድ የሚማሩ የሰፈሩ ልጆች ፋይሎቹን በየዓይነታቸው የምትለይ ትንሽ ፕሮግራም ሲሠሩላቸው አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም በፋይል ስም መጨረሻ ላይ ዓይነቱን የሚናገረውን ቅጥያ፣ ለይቶ ማውጣቱን እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። እንደ «.ታር.ጂዜድ» ያለው ድርብ ሲመጣ ነው ጣጣው የሚጀምረው።

«ኤክስቴንሽን ማለት ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ነው»

ኤክስቴንሽን የሚለዩት ዝግጁ የኮድ ትእዛዞች፣ ማለትም የፓይተኑ ስፕሊትኤክስት፣ የኖዱ ኤክስትኔም፣ የፒኤችፒው ፓዝኢንፎ በዚሁ ደንብ ይሠራሉ፤ ከ«ውል.ታር.ጂዜድ» ላይ የሚያወጡት ጂዜድን ብቻ ነው። ታር ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ይጠቀልላል እንጂ አያሳንስም። ጂዚፕ ደግሞ ያሳንሳል እንጂ አይጠቀልልም። ስሙ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የሥራውን ቅደም ተከተል ይነግራል፦ መጀመሪያ ጂዚፑ ይፈታል፣ ቀጥሎ ታሩ። የመጨረሻውን ብቻ የያዘ ፕሮግራም ውስጡ ጥቅል መኖሩን አያውቅም።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ እንውሰድ»

ይሄኛው ይብሳል። ብዙ ሰው ቀን የሚጽፈው በነጥብ ነው፦ «የኪራይ ውል 12.03.2017.ታር.ጂዜድ»። ቅጥያዎችን ሁሉ የሚዘረዝረው የፓይተኑ ፓዝሊብ ሰፊክስስ እዚህ ላይ «.03»፣ «.2017»፣ «.ታር»፣ «.ጂዜድ» ብሎ አራት ይመልሳል፤ ወሩና ዓመቱ ኤክስቴንሽን ሆኑ ማለት ነው። መጀመሪያው ነጥብ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ የኅዳሩም የታኅሣሡም ውል «የኪራይ ውል 12» ይባልና አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል። የደንበኛ ሰነድ የሚጠፋው እንዲህ ነው። «የመጨረሻዎቹን ሁለት እንውሰድ» ቢባልም ቀኑ ያለበት ፒዲኤፍ «.2017.ፒዲኤፍ» ይሆናል።

«ጥሩ ሪጀክስ ይፈታዋል»

ሪጀክስ (የጽሑፍን ቅርጽ ገልጾ የሚፈልግ ቀመር) አይፈታውም። ፊደል ብቻ ብትፈቅዱ ኤምፒ3 እና 7ዜድ ይወድቃሉ፤ ቁጥር ስትፈቅዱ ዓመቱ ተመልሶ ይገባል። የትኛው ጥምረት ድርብ እንደሆነ የሚወስነው ሰዎች የተስማሙበት ልማድ ነው፣ ስለዚህ የታወቁትን በዝርዝር መያዝ ግድ ነው። ዝርዝሩን ከረጅሙ ወደ አጭሩ ደርድሩ፣ ለማወዳደር ስሙን ወደ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ቀይሩ፣ ከዚያ ጫፉ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም እዩ። ምንም ካልገጠመ ወደ መጨረሻው ነጥብ ተመለሱ። መነሻዋን ነጥብ ግን አደራ! ያለ እሷ «ታር.ጂዜድ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ «ጊታር.ጂዜድ»ም ይገጥምና ስሙ «ጊ» ሆኖ ይቀራል።

«ለመቁረጡ አርስትሪፕ አለ»

አርስትሪፕ የተባለው የፓይተን ትእዛዝ የሰጣችሁትን እንደ አንድ ቃል አያየውም፤ በውስጡ ያሉትን ፊደላት ከቀኝ ጫፍ አንድ በአንድ ይለቅማል። በላቲን ፊደል «ባዛር.ታር.ጂዜድ» የተባለውን ፋይል ስጡትና «.ታር.ጂዜድ»ን አውልቅ በሉት፤ ከስሙ የምትተርፈው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ጫፉን እንደ አንድ ቃል የሚቆርጥ ሪሙቭሰፊክስ አለላችሁ።

«በነጥብ የጀመረ ሁሉ ኤክስቴንሽን ነው»

«.ባሽአርሲ» የተባለው የሊኑክስ ማስተካከያ ፋይል ነጥቡን ጨምሮ ሙሉ ስም ነው። ፓይተንና ኖድ ኤክስቴንሽን የለውም ይላሉ፣ ጎ እና ሲ ሻርፕ ግን ስሙን በሙሉ ይመልሳሉ። ኮድ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ስታሻግሩ ይህን ፈትኑ።

«ኤክስቴንሽኑ ከታወቀ ይዘቱ ታወቀ»

በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው አይላቭዩ የተባለው ቫይረስ የፋይል ስሙ የሚያበቃው በ«.ቲኤክስቲ.ቪቢኤስ» ነበር፤ የመጀመሪያው የተራ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ሲከፈት የሚሠራ ስክሪፕት ምልክት ነው። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች ስለሚደብቅ ብዙዎች ተራ ጽሑፍ መስሏቸው ከፈቱት። ከማይታወቅ ፍላሽ ፋይል ለሚቀበል ቤት የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ማየት ያስፈልጋል፤ ጂዚፕ ሁልጊዜ 1ኤፍ 8ቢ ተብለው በሚጻፉ ሁለት ባይቶች ይጀምራል። ባይቱ ብቻውንም አይበቃም፦ የዎርድ ዶክኤክስ ራሱ ዚፕ ስለሆነ የሁለቱም አጀማመር «ፒኬ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው፤ እነሱን ለመለየት ውስጡን ከፍቶ የፋይሎቹን ዝርዝር ማንበብ ይጠይቃል።