አካዳሚክ ዲቴይሊንግ ምንድን ነው?

ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች ማን ይነግረዋል? ብዙ ጊዜ በሩን የሚያንኳኳው የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ነው፤ ሜዲካል ሪፕ የምንለው። ይመጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱን ያስተዋውቃል፣ ናሙና ትቶ ይሄዳል። የሥራው ስም ዲቴይሊንግ ነው።

አካዳሚክ ዲቴይሊንግም አካሄዱ ያው ነው። ልዩነቱ በሩን የሚያንኳኳው ሰው የሚሸጠው ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ፋርማሲስት፣ ነርስ ወይም የጤና ቢሮ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ይዞ የሚመጣው ጥናቶች ያረጋገጡትን ነው።

ሐሳቡን በጥናት የፈተኑት በሃርቫርድ የነበሩት ጄሪ አቮርን እና ስቲቨን ሱመራይ ናቸው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ አራት ግዛቶች የሚሠሩ 435 ሐኪሞችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ጽሑፍ በፖስታ ብቻ ተላከለት። ሌላው ጽሑፉም ደረሰው፣ ፋርማሲስትም በአካል ሄዶ አነጋገረው። ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። ጽሑፉ ብቻውን የረባ ለውጥ አላመጣም። ፊት ለፊት የተነጋገሩት ግን እንዲቀንሱ የተመከሩትን መድኃኒቶች ማዘዝ ካልተጎበኙት ጋር ሲነጻጸሩ በ14 በመቶ ቀነሱ። ከእነዚያ መድኃኒቶች አንዱ ፕሮፖክሲፊን የተባለ የኦፒዮይድ ማስታገሻ ነበር። በልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል።

ኦፒዮይድ የሚባሉት እንደ ሞርፊን እና ኦክሲኮዶን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሱስ ያስይዛሉ፤ ሲበዙ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማሉ። በኒው ዮርክ ከተማ በእነዚህ ማስታገሻዎች ሳቢያ የሚሞተው ሰው ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር በጣም የበዛው ስታተን አይላንድ በተባለው ክፍለ ከተማ ነበር። ስለዚህ የከተማው ጤና ቢሮ በ2013 ክረምት ሠራተኞቹን በዚያ ወዳሉ ክሊኒኮች ላከ። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞችን አንድ በአንድ አነጋገሩ።

የያዙት መልእክት ሦስት ብቻ ነበር። ድንገተኛ ሕመም ላለበት ሰው ኦፒዮይድ ካስፈለገ አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ቀን ይበቃል። ከካንሰር ውጪ ላለ የቆየ ሕመም በተቻለ መጠን ኦፒዮይድ አይታዘዝ። የቀኑ መጠን ደግሞ ወደ ሞርፊን ሲመነዘር ከ100 ሚሊግራም አይለፍ።

ይቺ የምንዛሪ ነገር ቀላል ትመስላለች እንጂ ታሳስታለች። ኦክሲኮዶን ከሞርፊን አንድ ተኩል ጊዜ ይበረታል። 40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ የታዘዘለት ሰው 80 የሚወስድ ይመስላል፤ በሞርፊን ሲሰላ ግን 120 ነው። ገደቡን አልፏል ማለት ነው። በሥራ የተዋከበ ሐኪም ይህን ቁጭ ብሎ ላያሰላው ይችላል። ሰንጠረዥ ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ጥሩ ጎብኚ ንግግር አያበዛም፣ ይጠይቃል። «ጥርስ ለተነቀለ ሰው የስንት ቀን ያዝዛሉ?» ሐኪሙ የአንድ ወር ካለ ምክንያቱን ያዳምጣል። ምናልባት ታካሚው ቅዳሜና እሁድ በሕመም እንዳይሰቃይ ፈርቶ ይሆናል። ስጋቱ እውነተኛ ስለሆነ መናቅ የለበትም። ከዚያ በኋላ ነው ተራርፎ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጠው ኪኒን፣ የቤተሰብ አባል አንስቶ ሊውጠው ስለመቻሉ ማንሳት የሚቻለው።

በስታተን አይላንድ ከጉብኝቱ በኋላ የሐኪሞቹ ዕውቀት ጨመረ። ከፍተኛ መጠን ያለው ማዘዣም ከሌሎቹ ክፍለ ከተሞች በበለጠ ቀነሰ።

ግን አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። «ቀንስ» የሚለው ምክር «ወዲያው አቁም» ተብሎ ከተሰማ ሰው ይጎዳል። ለዓመታት ኦፒዮይድ የወሰደን ታካሚ በአንድ ጊዜ ማስቆም ለከባድ ስቃይ ይዳርገዋል፣ ራሱን እስከ ማጥፋትም ሊያደርሰው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ይህንኑ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ጎብኚው ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስ ካላስረዳ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል እላለሁ።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይኸው ዘዴ ማዘዣ ለመጨመርም አገልግሏል። ጎብኚዎቹ ሐኪሞቹን ከኦፒዮይዱ ጎን ናሎክሶን እንዲያዙ መከሩ። ናሎክሶን ኦፒዮይድ በዝቶበት ትንፋሹ ሊቆም የደረሰን ሰው የሚመልስ መድኃኒት ነው። ችግሩ ታካሚው «ሱሰኛ ነህ እያሉኝ ነው?» ብሎ ሊከፋ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ውስጥ የቃላት ምርጫም ይነሳል። ሐኪሙ ናሎክሶኑን ሲያዝ ለታካሚው እንዲህ ሊለው ይችላል፦ «አደገኛው መድኃኒቱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። ይህን ደግሞ ቤት ላሉት ያሳዩልኝ፤ ድንገት ቢያስፈልግ የሚሰጡዎት እነሱ ናቸው።»