በወሎ የአሮጌ ፒክአፕ ካሶኒ ሥራ

ካሶኒ የፒክአፕ ወይም የጭነት መኪና ዕቃ መጫኛ ሣጥን ነው። ቃሉ እንደ ላሜራ (ዝርግ ብረት)፣ ቡሎን፣ ስፖንዳ (የካሶኒው ግድግዳ) እና ባሌስትራ (የመኪና ሞላ) ሁሉ ከጣልያንኛ ገብቶ የጋራዥ አማርኛ ሆኗል። በወሎ ለአሮጌ ፒክአፕ አዲስ ካሶኒ መሥራት የደሴና የኮምቦልቻ ብየዳ ቤቶች ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ በሁለቱም ከተሞች ያልፋል፤ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ደግሞ ከኮምቦልቻ ይገነጠላል።

አሮጌ ፒክአፕ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ቶዮታ ነው፤ ላንድክሩዘር ወይም እ.ኤ.አ. በ1968 መሠራት የጀመረው ሃይሉክስ። ሞተሩ ሲታደስ ይኖራል፣ ካሶኒው ግን ቀድሞ ይበሰብሳል። ዝገቱ የሚጀምረው ጭቃ ተጠራቅሞ ከማይደርቅበት ከፓራፋንጎው (ከጎማው ጭቃ መከላከያ) ሥርና ከወለሉ መገጣጠሚያ ነው። ጨው ሲጫንበት የኖረ መኪና ከሆነማ ከላይ ቀለሙ ደህና መስሎ ከሥር በጣት የሚበሳ ይሆናል።

ባለቤቶች አዲስ ሲያሠሩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የላሜራው ውፍረት ነው፤ በእኔ እምነት ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የፋብሪካው ወለል ቀጭን ሆኖ ሳለ የሚጠነክረው ብረት ተጭኖ ቅርጽ በሚያወጣ ማተሚያ ማሽን በወጣለት ሸንተረር ነው። ማተሚያ የሌለው ብየዳ ቤት ሸንተረር የሌለው ላሜራ ዘርግቶ ከሥሩ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የብረት ዘንግ) በአግድም ይደረድራል። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወደ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 3 ካሬ ሜትር ወለል በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ 70 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ግን የዚያ ግማሽ። ስፖንዳውም በዚያው ልክ ከወፈረ እህል ሊጫንበት ይችል የነበረውን አቅም ብረቱ ራሱ ይበላዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር ይህን ክብደት በፍሬኑ ይከፍለዋል። ቱቦላሬውን ማቀራረብ ላሜራውን ከማወፈር ይሻላል።

ሌላው ቁም ነገር ካሶኒው ከሻንሲው (መኪናው ከተሠራበት የብረት አጽም) ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው። የፒክአፕ ሻንሲ በጎርባጣ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ እንዲጠማዘዝም ተደርጎ የተሠራ ነው። ካሶኒው በብየዳ ከተጣበቀበት ግን አንዱ ይሰነጠቃል፣ ብዙውን ጊዜም ከብየዳው ጫፍ። ስለዚህ በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ በመሀልም ጎማ ይገባል። ርዝመቱን ከኋላው አክስል ወዲያ ማስረዘም ደግሞ የፊት እግሩን አቅልሎ መሪውን ያሳስታል።

ብየዳው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ አይሄድም፤ ቀጭን ላሜራ በሙቀት ስለሚጣመም ከዚህም ከዚያም እየነካኩ ነው የሚሞላው። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከሆነ ጭሱ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣልና ልባሱ ቀድሞ ይፋቃል፤ ሥራውም አየር በሚነፍስበት ይሆናል። የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፣ በነዳጅ ጋኑ አጠገብም እሳት አይለኮስም። ውኃ መውረጃ ቀዳዳ የሚረሳ ባለሙያ አለ፤ በክረምት ደሴ ላይ ያ ካሶኒ ገንዳ ነው።

የኋላው ስፖንዳ ጤነኛ ከሆነ ባይጣል ይመረጣል። በላዩ ላይ የወጣውን የቶዮታ ስም በመዶሻ መልሶ ማውጣት አድካሚ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ከእርሱ ይጀመርና አዲሱ ሣጥን በአሮጌው መዝጊያ ስፋት ይቆረጣል።