የካና ቤት፦ የጌሊክ ዘፈን የተጠለለባት ደሴት

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ይቺ ካና ውሃው ወይን የሆነባት ቃና ዘገሊላ አይደለችም። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሕር ላይ ያለች፣ ርዝመቷ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ወርዷ ሁለት እንኳ የማይሞላ ደሴት ናት። ነዋሪዋ ቢቆጠር ሃያ ሰው ቢገኝ ነው። ከማሌግ ወደብ የምትነሳው መርከብ በመንገዷ ሌሎች ደሴቶችን እየነካካች ስለምትሄድ ጉዞው ሰዓታት ይፈጃል፤ ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ ጭራሽ ትቀራለች። ከኮረብታዎቿ የአንዱ ድንጋይ ብረት ስለበዛበት በአጠገቡ የሚያልፉትን መርከቦች ኮምፓስ ያሳስታል። ሰዉም የኮምፓስ ኮረብታ ብሎት አረፈ።

እዚህች ደሴት ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ። የካና ቤት ይባላል። የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ዝነኛ ያደረገው ግን ግንቡ ሳይሆን ውስጡ የተከማቸው ነገር ነው። ከ1,500 በላይ የጌሊክ ዘፈንና 350 ያህል ተረት የተቀረጸበት ድምፅ፣ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶግራፍ፣ ፊልም፣ ደብዳቤ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ። ይህን ሁሉ የሰበሰቡት ባልና ሚስት ናቸው። መንግሥት አላዘዛቸውም፣ ዩኒቨርሲቲም ደሞዝ አልቆረጠላቸውም።

ጌሊክ ሲባል የእንግሊዝኛ ዘዬ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ ግጥም ያለው፣ ከአየርላንድ ቋንቋ ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ የስኮትላንድ ቋንቋ ነው። በ1872 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ትምህርት ግዴታ ሲሆን አዋጁ ጌሊክን ከነመኖሩም አላነሳውም። ልጆች ቤታቸው የሚያወሩትን ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ በማውራታቸው ይቀጡ ነበር። ስለዚህ 20ኛው መቶ ዘመን ሲገባ ቋንቋው በደንብ የቀረው ራቅ ባሉት ደሴቶች፣ ያውም ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍን በእንግሊዝኛ ብቻ በተማሩ ሰዎች አፍ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ መቶ ዘፈን በቃሏ ታውቃለች፤ የገዛ ቋንቋዋን ግን መጻፍ አትችልም። እሷ ስትሞት መቶው ዘፈን አብሯት ይቀበራል።

ወደ ሰዎቹ እንምጣ፣ ከሚስትየዋ ልጀምር። ማርጋሬት ፌይ ሾው በ1903 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ተወለደች። የዘር ሐረጓ ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ ሰዎች ይመዘዛል፤ እሷ ደግሞ የእነሱን መንገድ ወደ ኋላ ሄደችበት። እናትና አባቷ በልጅነቷ ሞቱባት። በ16 ዓመቷ ለትምህርት ስኮትላንድ ተላከችና አንድ ቀን የጌሊክ ዘፈን ኮንሰርት ሰማች። ዘፈኑ ለከተማ ሳሎን ተብሎ ተሽሞንሙኖ፣ በፒያኖ ታጅቦ የቀረበ ነበር። ልጅቷ ወደደችው፣ ግን ከዚህ ጀርባ ሌላ እውነተኛ ነገር አለ ብላ ጠረጠረች። ጥርጣሬዋ ልክ ነበር።

ማርጋሬት ሙያዋ ፒያኖ ነበር፤ ኒው ዮርክና ፓሪስ ተምራለች። እጇን የቁርጥማት ሕመም ስለያዛት የመድረክ ነገር አልሆነላትም። ያኔ ነው ያንን ዘፈን ፍለጋ የወጣችው። በብስክሌት ደሴቶቹን ዞረች። ሳውዝ ዩስት የምትባለው ደሴት ላይ አንድ ምሽት እራት ተጋብዛ ማሪ ማክሬ የምትባል ሴት ስትዘፍን ሰማች፣ አስተምሪኝም አለቻት። ከዚያ ከ1929 እስከ 1935 ድረስ ከማሪና ከእህቷ ከፔጊ ጋር በአንዲት ትንሽ የገበሬ ቤት ኖረች። መብራት የለ። ሲመሽ ኩራዝ ይበራል፣ ጎረቤት እሳት ዳር ይሰበሰባል፣ ወሬው ወደ ዘፈን ይሻገራል። የመቅረጫ መሣሪያ ስላልነበራት ዜማውን በጆሮዋ እየያዘች በኖታ ትጽፈዋለች፣ ግጥሙን ደግሞ እየደጋገሙ ይነግሯታል። ቀን ላም ታልባለች፣ ለማገዶ የሚሆነውን የደረቀ የረግረግ አፈር አብራ ታግዛለች።

እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቷ ነው። አብዛኛው ተመራማሪ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደብተሩን ሞልቶ ይሄዳል። እሷ ስድስት ዓመት ቆየች፣ መጽሐፏን ያሳተመችው ደግሞ በ1955 ነው። መጽሐፉ የሳውዝ ዩስትን ዘፈንና ሥነ ቃል የያዘ ሲሆን የባህል መድኃኒት፣ የምግብ አሠራር፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ጸሎትም አለበት።

ከዘፈኖቹ መካከል ከሁሉ የሚበዙት የሥራ ዘፈኖች ናቸው። ከነዚህ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። የሱፍ ጨርቅ ተሸምኖ ሲወርድ ልልና ሸካራ ነው። እንዲጠብቅና እንዲሞቅ መታሸት አለበት። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሴቶቹ በረጅም ሳንቃ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ጨርቁን በቆየ ሽንት ይዘፈዝፉታል (አዎ፣ ሽንት፤ ቅባቱን ስለሚያወጣና ቀለሙን ስለሚያጸና ቤቱ ሁሉ ያጠራቅመዋል)፣ ከዚያ ሳንቃው ላይ እየደበደቡ ከእጅ ወደ እጅ በፀሐይ ዙረት አቅጣጫ ያዞሩታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እንደ ደቦ ዘፈን ማለት ነው። ምቱ ሥራውን ይመራዋል። መጀመሪያ ቀስ ያለ ዘፈን ይመጣል፣ ጨርቁ እየጠበቀ ሲሄድ ፈጠን ያለው ይከተላል። ለአንድ ጨርቅ አንድን ዘፈን ሁለቴ መዝፈን ገዳ ቢስ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ሴቶቹ ብዙ ዘፈን ማወቅ ነበረባቸው። ግጥሙ ስለ ጨርቅ አያወራም። በባሕር ስለሞተ ወንድም፣ ስለከዳ ፍቅረኛ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለተደረገ የጎሣ ጦርነት ያወራል። የተቀባዮቹ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው፤ ሆኖም አንዱን ዘፈን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

ባልየው ጆን ሎርን ካምቤል ይባላል። በ1906 ከመሬት ባለቤቶች ቤት ተወለደ፣ ኦክስፎርድ ግብርና ተማረ፣ ጌሊክንም እዚያው ጀመረ። በ1933 ባራ የምትባለው ደሴት ገባ። በዚያው ዓመት ከደራሲው ከኮምፕተን ማኬንዚ ጋር ሆኖ የትልልቅ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች የደሴቶቹን ባሕር እንዳያራቁቱ የሚሟገት ማኅበር አቋቋመ። ለሱ ቋንቋውና ዓሣው አንድ ጉዳይ ነበሩ፤ ሰው መተዳደሪያ ካጣ ይሰደዳል፣ ከተሰደደ ቋንቋውም አብሮ ይሄዳል። ከማርጋሬት ጋር በ1935 ተጋቡ።

ቋንቋው አብሮ መሄዱን ደግሞ በዓይናቸው አይተውታል። በ1937 ባልና ሚስቱ ወደ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ሄዱ። እዚያ ቅድመ አያቶቻቸው ከባራና ከአካባቢው ተሰደው የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ፣ አሁንም በጌሊክ የሚያወሩ። ይዘውት የሄዱት መሣሪያ ኢዲፎን ነው፤ ለቢሮ ደብዳቤ ማስጻፊያ የተሠራ፣ ድምፅን በሰም ሲሊንደር ላይ የሚቀርጽ ማሽን። በሱ እናት አገሩን አይቶ የማያውቅ ሰው የእናት አገሩን ዘፈን ሲዘፍን ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ጆን አዲስ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ እየተከተለ ከሰም ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ቴፕ ተሻገረ።

ስለ ጆን ለማወቅ አንድ ታሪክ ይበቃል። አባ አለን ማክዶናልድ የሚባሉ፣ ኤሪስኬይ ደሴት ላይ ያገለገሉና በ1905 የሞቱ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። የምዕመናኖቻቸውን ተረት፣ እምነት፣ ዘፈንና ብርቅ ብርቅ ቃላት በደብተር ሲለቅሙ ኖረዋል። አዳ ጉድሪች ፍሪር የምትባል ሴት የሚመጣውን አስቀድሞ ስለማየት ልታጠና ከእንግሊዝ መጣች፣ ቄሱ ደብተራቸውን በደግነት ሰጧት፣ እሷም ብዙውን በራሷ ስም አሳተመችው። ጆን የጠፉትን ደብተሮች ከዓመታት ፍለጋ በኋላ አገኛቸው። ቃላቱን በ1958 በአባ አለን ስም መዝገበ ቃላት አድርጎ አወጣ፤ በ1968 ደግሞ የሴትዮዋን ጉድ በመጽሐፍ ዘረገፈው። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ! ቂመኛ ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን ደግ አደረገ እላለሁ። የጆንና የማርጋሬት መዝገብ ውስጥም ዘፈኑን ያወጣው ሰው ስሙ፣ መንደሩ፣ ከማን እንደሰማው ሳይቀር ተጽፏል።

ካናን የገዙት በ1938 ነው። ጆን በግ እያረባ፣ ቀን ገበሬ ማታ ምሁር ሆኖ ኖረ። የደሴቷ ሰዎች በጌሊክ «ፌር ኻናይ» ይሉት ነበር፣ የካናው ሰውዬ እንደማለት። ሌላም አባዜ ነበረው፤ የእሳት እራትና ቢራቢሮ። በመብራት ወጥመድ እየያዘ፣ በመርፌ እየሰካ፣ ቀኑን እየጻፈ በመሳቢያ ደረደራቸው። ማርጋሬት ደግሞ ድመት። ቤቱ ውስጥ ስታይንዌይ ፒያኖዋ፣ የሱ መጻሕፍትና የድመቶቹ ጸጉር አብረው ነበሩ ማለት ነው።

በ1981 ጆን ደሴቷን ከነቤቱና ከነመዝገቡ የስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት ለሚባለው ቅርስ ጠባቂ ድርጅት በስጦታ ሰጠ። ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ከ1951 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የቆመ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ክፍል ነበረው፤ ስብስቡ ግን ደሴቷ ላይ ቀረ። ተመራማሪ ከፈለገ በመርከብ ይምጣ ነው ነገሩ። መዝገቡን ከጠበቁት ሰዎች አንዷ ከስፔን ባስክ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር መጥታ ደሴቷን የወደደች ሴት ናት፤ ከሷ በኋላ የመጣችው ደግሞ ራሷ የጌሊክ ዘፋኝ ናት። መርከብ ለማይሳፈር ሰው ከ2010 ጀምሮ ቶባር አን ዱዋልካይስ የተባለ፣ ትርጉሙ የቅርስ ምንጭ የሆነ ድረ ገጽ ላይ ቅጂዎቹን ከኤድንበርግና ከቢቢሲ ስብስብ ጋር መስማት ይቻላል። እየተንኮሻኮሸ ከሚመጣው የድሮ ቅጂ ድምፅ ጀርባ አልፎ አልፎ ውሻ ሲጮህ፣ ሰው ሲስቅ ይሰማል።

በ2022 የሕዝብ ቆጠራ በስኮትላንድ ጌሊክ እናወራለን ያሉት 69,701 ሰዎች ናቸው። ከነሱ መካከል ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማሩም አሉ፤ ያው አንድ ዘመን ያባረረው ትምህርት ቤት።

ጆን በ1996 ጣልያን ውስጥ ለዕረፍት በሄደበት ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ከአሥር ዓመት በኋላ አጽሙ ወደ ካና ተመልሶ ራሱ በተከላቸው ዛፎች ሥር አረፈ። ማርጋሬት በ2004 በ101 ዓመቷ ስትሞት ግን ካና ላይ አልተቀበረችም። ሳውዝ ዩስት ተወሰደች፣ ማሪና ፔጊ ያሉበት መቃብር።